በጂ ፕሮቲን የሚሠሩ የግሉታሜት ተቀባዮችን ምልክት ለመለካት የትኛውን ዘዴ እንምረጥ?

ግሉታሜት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያነቃቃ ዋነኛው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ነው። ተቀባዮቹ በሁለት ይከፈላሉ። አምፓ፣ ኤንኤምዲኤ እና ካይኔት የሚባሉት ራሳቸው የአዮን መተላለፊያ ስለሆኑ ግሉታሜት ሲይዛቸው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተከፍተው አዮን ያሳልፋሉ። ሜታቦትሮፒክ የሚባሉትና በአጭሩ ኤምግሉ ተብለው ከ1 እስከ 8 ቁጥር የተሰጣቸው ግን መተላለፊያ የላቸውም፤ ግሉታሜቱን ከሕዋሱ ውጭ ይይዙና በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ጂ ፕሮቲን ያስነሳሉ፣ የቀረውን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውነው ጂ ፕሮቲኑ ነው። ይህ መመሪያ ከስምንቱ አንዱን ለማጥናት ለወሰነ፣ ምልክቱን በምን እንደሚለካ ግን ገና ላልወሰነ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ወይም ጀማሪ ተመራማሪ የተዘጋጀ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። ዘዴ መመረጥ ያለበት በላቦራቶሪው ውስጥ በተገኘው ኪት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የመለኪያ ስብስብ) ወይም ትልቁን ቁጥር በሚሰጠው መሣሪያ ሳይሆን፣ የሚለካው ነገር ከጂ ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ታይቶ ነው። ለጂ ፕሮቲኑ የቀረበ ልኬት መጠኑ ቢያንስም የየትኛው ተቀባይ ሥራ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። የራቀው ልኬት በየደረጃው እየተባዛ ስለሚመጣ ጎልቶ ይታያል፤ ነገር ግን እግረ መንገዱን የሌሎች ተቀባዮችና የሌሎች ኢንዛይሞች ድርሻ ይቀላቀልበታል። ብዙ ያልተስማሙ ውጤቶች የሚመነጩት ሁለት ተመራማሪዎች ከአንድ ተቀባይ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎችን ለክተው አንድ ነገር እንደለኩ ከመቁጠራቸው ነው።

ተቀባዩ የየትኛው ቡድን ነው?

ስምንቱ ተቀባዮች በሦስት ቡድን ይመደባሉ። በመጀመሪያው ቡድን ያሉት ኤምግሉ 1 እና ኤምግሉ 5 በዋናነት ጂኪው የተባለውን ጂ ፕሮቲን ያስነሳሉ። ጂኪው ፎስፎሊፔዝ ሲ የተባለውን ኢንዛይም ሲያነቃው፣ ኢንዛይሙ በሽፋኑ ውስጥ ያለውን ፒአይፒ2 የተባለ ስብ ሰንጥቆ አይፒ3 እና ዳያሲልግሊሴሮል ያወጣል። አይፒ3 በሕዋሱ ውስጥ ካለው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከተባለው መረባዊ ክምችት ካልሲየም ሲያስለቅቅ፣ ዳያሲልግሊሴሮል ፕሮቲን ካይኔዝ ሲን ያነሳሳል። የዚህ ቤተሰብ ታሪክም የተጀመረው ከዚሁ መንገድ ነው፤ በ1985 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ግሉታሜት ስትራያተም በተባለው የአንጎል ክፍል የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የኢኖሲቶል ፎስፌትን ምርት እንደሚጨምር አሳዩ፣ በ1991 ደግሞ የኤምግሉ 1 ጂን ተለይቶ ታወቀ። ጂኑን ለመለየት ያገለገለው የዜኖፐስ እንቁራሪት እንቁላል ሲሆን፣ በእንቁላሉ ውስጥ የተለቀቀው ካልሲየም የክሎራይድ መተላለፊያዎችን ስለሚከፍት ተቀባዩ በኤሌክትሪክ ፍሰት ሊታይ ችሏል።

የሁለተኛው ቡድን ኤምግሉ 2 እና 3፣ እንዲሁም የሦስተኛው ቡድን ኤምግሉ 4፣ 6፣ 7 እና 8 የሚሠሩት በጂአይ እና በጂኦ ነው። ጂ ፕሮቲን አልፋ፣ ቤታና ጋማ የተባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የጂአይና የጂኦ አልፋ ክፍል አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም አግዶ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ይቀንሳል። በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ግን ፈጣኑንና ብዙ ጊዜ ወሳኙን ሥራ የሚሠራው ከአልፋው የተለየው የቤታና ጋማ ጥንድ ነው፤ በነርቭ ጫፍ ላይ በቮልቴጅ የሚከፈቱትን የካልሲየም መተላለፊያዎች እያፈነ የመልእክት ኬሚካል መለቀቅን ይቀንሳል፣ ጊርክ የተባሉትን የፖታሲየም መተላለፊያዎችም ይከፍታል። ስለዚህ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ብቻ የለካ ሰው የእነዚህን ተቀባዮች ሥራ ግማሹን ሳያየው ይቀራል።

ሁሉም ተቀባዮች ጥንድ ሆነው እንደሚሠሩም መታወስ አለበት። ሁለቱም አባላት ግሉታሜት የሚይዝ ሰፊ የውጭ ክፍል ያላቸው ሲሆን፣ በ2021 የታተሙት የኤምግሉ 2 እና የኤምግሉ 4 የክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎች እንዳሳዩት ከጥንዱ ጋር በአንድ ጊዜ የሚጣበቀው ጂ ፕሮቲን አንድ ብቻ ነው። የተቀባዩን ቁጥር ከምልክቱ መጠን ጋር ለማዛመድ የሚሞክር ሰው ይህን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ለመጀመሪያው ቡድን፦ ካልሲየም ወይስ አይፒ1?

ለኤምግሉ 1 እና 5 አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ካልሲየምን ነው። ፉራ-2 ወይም ፍሉኦ-4 የተባለ ቀለም ወደ ሕዋሱ ይገባል፣ አነቃቂው ይጨመራል፣ የብርሃኑ ለውጥ በሰከንዶች ውስጥ ይነበባል። ዘዴው ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ራዲዮአክቲቭ ነገር አያስፈልገውም፤ በአንድ ቀን ብዙ ኬሚካሎችን መፈተሽ ያስችላል። ለልዩ ዓላማም ተተኪ የለውም፦ የምልክቱን የጊዜ ቅርጽ የሚያሳይ እሱ ነው። ኤምግሉ 1 ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚወርድ የካልሲየም ምላሽ ሲሰጥ፣ ኤምግሉ 5 እየወጣና እየወረደ የሚመላለስ ማዕበል ይፈጥራል። ይህ ልዩነት በተቀባዩ የውስጥ ጅራት ላይ ባለ አንድ አሚኖ አሲድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በኤምግሉ 5 በዚያ ቦታ ትሬዮኒን ስላለ ጅራቱ በዚያ አካባቢ በፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ፎስፌት ሲጨመርበት ማዕበሉ ይፈጠራል፣ በኤምግሉ 1 ግን ቦታውን የያዘው አስፓርቴት ነው።

ይሁን እንጂ የሚፈለገው የሁለት መድኃኒቶችን ብርታት ማወዳደር ከሆነ ካልሲየምን አልመርጥም። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የብዙ ሕዋሳት ምላሽ በአንድ ላይ ሲነበብ የኤምግሉ 5 ማዕበሎች እርስ በርስ ስለማይገጥሙ ተደምረው ይደበዝዛሉ፤ የሚታየውም አማካይ የአንድም ሕዋስ እውነተኛ ምላሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ የካልሲየም ምላሽ ጫፉ ላይ የሚደርሰው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ ከተቀባዩ ጋር የሚጣበቅ መድኃኒት ሚዛኑ ላይ ሳይደርስ ልኬቱ ያልቃል፤ ከእውነተኛው ይልቅ ደካማ መስሎም ይመዘገባል።

እዚህ ላይ የኢኖሲቶል ፎስፌት ክምችትን መለካት ይሻላል። ሊቲየም ክሎራይድ ሲጨመር ከአይፒ3 መፍረስ የሚገኘውን ኢኖሲቶል ሞኖፎስፌትን (አይፒ1ን) የሚያፈርሰው ኢንዛይም ይታገዳል፤ ስለዚህ በደቂቃዎች ውስጥ የተመረተው ሁሉ ሳይፈርስ ይጠራቀማል። የቀድሞው አሠራር ትሪቲየም በተባለ ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ምልክት የተደረገበት ኢኖሲቶል ለሕዋሱ አብልቶ ውጤቱን በዓምድ መለየትን ይጠይቅ ነበር። ዛሬ በፀረ እንግዳ አካልና በብርሃን ሽግግር አይፒ1ን የሚለኩ ኪቶች ስላሉ ራዲዮአክቲቭ ፈቃድ የሌለው ላቦራቶሪም ሊሠራበት ይችላል። የክምችት ዘዴ ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፦ ምንም አነቃቂ ሳይጨመር ተቀባዩ በራሱ የሚያወጣውን ምልክት ያሳያል። ኤምግሉ 1 እና 5 እንዲህ ያለ መነሻ እንቅስቃሴ ስላላቸው፣ ይህን መነሻ የሚያወርድ መድኃኒት ከተራ አጋጅ ሊለይ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ካልሲየም ይህን ማሳየት አይችልም፤ ሕዋሱ የቆየውን ከፍታ አስተካክሎ ወደ ቦታው ስለሚመልሰው ነው።

ሥራው በራሱ የነርቭ ሕዋስ ላይ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። የተጨመረው ግሉታሜት አምፓንና ኤንኤምዲኤን ስለሚከፍት፣ በእነርሱም ሆነ በቮልቴጅ በሚከፈቱት መተላለፊያዎች በኩል የሚገባው ካልሲየም ከጂኪው የመጣውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከግሉታሜት ይልቅ የመጀመሪያውን ቡድን ለይቶ የሚያነቃውን ዲኤችፒጂን መጠቀም፣ የነርቭ ምትን የሚያግደውን ቴትሮዶቶክሲንና የአምፓና የኤንኤምዲኤ አጋጆችንም አብሮ መጨመር ያስፈልጋል። ውጤቱ የጂኪው መሆኑን ለማረጋገጥ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየው ዩ73122 የተባለው የፎስፎሊፔዝ ሲ አጋጅ ሌሎች ብዙ ነገሮችን ስለሚነካ በእርሱ ብቻ መደምደም አይገባም። ጂኪውን ራሱን የሚይዙት ዋይኤም-254890 እና ኤፍአር900359 እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ በጀቱ የሚፈቅደው አንድ ውድ ኬሚካል ብቻ ከሆነ ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢውል ተገቢ ነው።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቡድን፦ አራት አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ነው። ችግሩ የሚለካው ነገር መቀነስ መሆኑ ነው፤ ባልነበረበት የሚቀንስ የለምና ሕዋሱ መጀመሪያ አዴኒሊል ሳይክሌዝን በሚያነቃው ፎርስኮሊን ሳይክሊክ ኤኤምፒ እንዲያመርት ይደረጋል። የፎርስኮሊኑ መጠን ውጤቱን በቀጥታ ይወስናል፤ ከበዛ ተቀባዩ ሊያወርደው አይችልም፣ ካነሰ ልዩነቱ አይታይም። መጠኑ በየሕዋሱ ዓይነት አስቀድሞ መፈተሽ አለበት እንጂ ከሌላ ሰው ጽሑፍ አይገለበጥም። ይህ ከተስተካከለ ዘዴው አስተማማኝ ነው፤ በብርሃን የሚያነቡት ዘመናዊ ዳሳሾችም ሕዋሱን ሳይገድሉ ለውጡን በደቂቃ በደቂቃ ያሳያሉ።

ሁለተኛው የጂቲፒ ጋማ ኤስ ጥብቀት ነው። ጂ ፕሮቲን ሲያርፍ ጂዲፒ ይይዛል፤ ተቀባዩ ሲያነሳው ጂዲፒውን ጥሎ ጂቲፒ ይይዛል። ጂቲፒ ጋማ ኤስ በቀላሉ የማይሰበር ምትክ ስለሆነ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ በራዲዮአክቲቭ ሰልፈር-35 ምልክት ስለተደረገበትም ይቆጠራል። የሚለካው የጂ ፕሮቲኑን የመጀመሪያ ድርጊት ስለሆነ ከኪቶቹ ሁሉ ለምንጩ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ከእንስሳ አንጎል በተዘጋጀ ሽፋን ላይም ይሠራል። ለጂአይና ለጂኦ ተስማሚ የሆነው እነዚህ ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ በብዛት ስለሚገኙና ጂዲፒያቸውን ቶሎ ስለሚለውጡ ነው፤ በተለመደው አሠራር ለጂኪው የሚሰጠው ምልክት ግን በጣም ደካማ ነው። የሰልፈር-35 የግማሽ ዕድሜ 87 ቀን ያህል ብቻ በመሆኑ ትእዛዙ በጉምሩክ የሚዘገይበት አገር ያለ ተመራማሪ ይህን ከወዲሁ ያስብበት። በሂደቱ ላይ የሚጨመረው የጂዲፒ፣ የሶዲየምና የማግኒዥየም መጠንም ካልተስተካከለ መነሻው ምልክቱን ይውጠዋል።

ሦስተኛው ድቅል ጂ ፕሮቲን መጠቀም ነው። የጂኪው አልፋ የመጨረሻ አምስት አሚኖ አሲዶች በጂአይ አሚኖ አሲዶች ሲተኩ፣ ከጂአይ ጋር የሚሠራው ተቀባይ ፎስፎሊፔዝ ሲን እንዲያስነሳ ይገደዳል፤ ከዚያም በካልሲየም መለካት ይቻላል። ይህ ብልሃት በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን ለማጣራት አገልግሏል፣ ለዚያ ዓላማም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ተቀባዩ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ በምን በኩል እንደሚሠራ ከሆነ፣ ይህ ዘዴ መልስ አይሰጥም። ተቀባዩ በተፈጥሮው ከማያገኘው ፕሮቲን ጋር ተጋብቶ የሰጠው ምላሽ ስለ ተፈጥሯዊው ምርጫው ምስክር ሊሆን አይችልም። በዚህ ነጥብ ላይ ጠንካራ አቋም የምይዘው፣ በድቅሉ የተገኘ የብርታት ቁጥር ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ሌላ ጥናት ሲሻገር ስለሚታይ ነው።

አራተኛው የኤሌክትሪክ ልኬት ነው፤ በነርቭ ሕዋስ ላይ ለሚሠራ ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ጊርክን የሚከፍተው የቤታና ጋማ ጥንድ ራሱ በመተላለፊያው ላይ በማረፉ ስለሆነ በመካከል የሚሟሟ መልእክተኛ የለም፤ ፍሰቱም ሲጀምርና ሲያቆም በሰከንድ ደረጃ ይታያል። የካልሲየም ፍሰት መታፈንን ለማየት ደግሞ ከአይጥ የላይኛው የአንገት ሲምፓቴቲክ ጋንግልዮን የሚወሰዱ የነርቭ ሕዋሳት ይመረጣሉ፤ የራሳቸው የኤምግሉ ምላሽ ስለሌላቸው የተፈለገውን ተቀባይ ጂን አስገብቶ እርሱን ለብቻው መመልከት ይቻላል። ዋጋው ጊዜ ነው። የአንድን ሕዋስ ፍሰት በቀጭን የመስታወት ቱቦ የሚለካው ፓች ክላምፕ በቀን ጥቂት ሕዋሳትን ብቻ ይሰጣል፤ እጅን ማለማመድም ወራት ይፈልጋል።

የጂአይና የጂኦን ድርሻ ለማረጋገጥ ከትክትክ ባክቴሪያ የሚገኘው መርዝ እስካሁን ዋነኛው መሣሪያ ነው። የአልፋው ጫፍ አካባቢ ያለውን ሲስቴይን ለውጦ ከተቀባዩ ጋር እንዳይገናኝ ያደርገዋል፤ ጂኪውን አይነካም። በብልቃጥ ላደጉ ሕዋሳት አንድ ሌሊት ማቆየት የተለመደ ነው። በአንጎል ስስ ቁራጭ ውስጥ ግን በደንብ ስለማይሰርግ፣ ቁራጩ ላይ ተጨምሮ ውጤት አለመታየቱ ጂአይ የለም ለማለት አያበቃም።

ብሬት ሁሉንም ይተካል ወይ?

ባለፉት ዓመታት ብሬት የሚባለው የብርሃን ሽግግር ዘዴ እየተስፋፋ መጥቷል። አንድ ብርሃን ሰጪ ኢንዛይም በአልፋው ላይ፣ ብርሃን ተቀባዩ ደግሞ በጋማው ላይ ይተከላል፤ ጂ ፕሮቲኑ ሲነሳና ሲለያይ ሽግግሩ ይቀንሳል። በ2020 ይፋ የሆነው ትሩፓዝ የተባለው የብሬት ስብስብ 14 የአልፋ ዓይነቶችን የሚሸፍኑ ዳሳሾችን ለተመራማሪዎች አቅርቧል። ተቀባዩ ከጂአይ ቤተሰብ የትኛውን እንደሚያስቀድም ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ በድቅል ካልሲየም ያለውን ማስገደድም በእጅጉ ያስቀራል። ሆኖም የሚለካው ሁሉም አካል ከውጭ በብዛት በገባበት ሕዋስ ነው። ውጤቱ ተቀባዩ ማድረግ የሚችለውን እንጂ በአንጎል፣ ለምሳሌ ሂፖካምፐስ በተባለው ክፍል ውስጥ፣ በእርግጥ የሚያደርገውን አያሳይም። ብሬትን ከአንድ የአንጎል ቁራጭ ልኬት ጋር አጣምሮ መያዝ ከሦስት ኪቶች የበለጠ ዋጋ አለው።

በአንጎል ቁራጭ ላይ የተፈተኑ ጥሩ ማሳያዎች አሉ። በሂፖካምፐስ የሞሲ ፋይበር ሲናፕስ (የነርቭ ሕዋሳት መገናኛ) ላይ የቡድን ሁለት አነቃቂው ዲሲጂ-4 ሲጨመር በኤምግሉ 2 በኩል የግሉታሜት መለቀቅ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ውጤቱ እጅግ የታመነ በመሆኑ ሲናፕሱ የሞሲ ፋይበር መሆኑን ለማረጋገጥም ያገለግላል። በሴሬቤለም የፐርኪንጄ ሕዋሳት ላይ ትይዩ ነርቮች በተከታታይ ሲነቁና አምፓ ሲታገድ በኤምግሉ 1 በኩል ቲአርፒሲ3 የተባለውን መተላለፊያ የሚከፍት ዘገምተኛ ፍሰት ይታያል። ሲኤ1 በተባለው የሂፖካምፐስ ክፍል ደግሞ ዲኤችፒጂ ለጥቂት ደቂቃ ከተጨመረ በኋላ ሲናፕሱ ለረጅም ጊዜ ይደክማል፤ ይህ ግን አዲስ ፕሮቲን መመረትን የሚጠይቅና ከጂ ፕሮቲኑ በጣም የራቀ ውጤት ስለሆነ፣ የመድኃኒትን ብርታት ለመለካት ሳይሆን የመጨረሻውን የነርቭ ለውጥ ለማየት ብቻ ይመረጥ።

ዘዴው ከመወቀሱ በፊት ግሉታሜቱ ይፈተሽ

ከሁሉም በላይ ልኬትን የሚያበላሸው የዘዴው ምርጫ ሳይሆን ሳይታሰብ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ግሉታሜት ነው። ሄክ293ን የመሰሉ በላቦራቶሪ የሚራቡ ሕዋሳት ራሳቸው ግሉታሜት ይለቃሉ፤ ለምግብነት የሚጨመረው ሴረምም ግሉታሜት አለበት፤ ግሉታሚንም ቀስ በቀስ ወደ ግሉታሜት ይለወጣል። ኤምግሉ 2፣ 4 እና 8 በጥቂት ማይክሮሞላር የሚነቁ ስለሆኑ አነቃቂው ከመጨመሩ በፊት ተቀባዮቹ ቀድመው ሊሞሉ ይችላሉ። ያኔ ተመራማሪው አነቃቂው አይሠራም ብሎ ይደመድማል፤ ወይም ተራውን አጋጅ የመነሻ እንቅስቃሴን የሚያወርድ ልዩ መድኃኒት አድርጎ ይዘግባል።

መፍትሔው ሦስት ነው፤ ቢቻል አብረው ይተግበሩ። ግሉታሜትን ወደ ሕዋስ የሚያስገባ አጓጓዥ ፕሮቲን ጂን ከተቀባዩ ጋር ይገባል፣ ሴረሙ ትንንሽ ሞለኪውሎቹ ተጣርተው የወጡለት ይሁን፣ ከልኬቱ በፊትም ግሉታሜት ፓይሩቬት ትራንስአሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከፓይሩቬት ጋር ተጨምሮ የቀረውን ግሉታሜት ይብላው። እነዚህ ካልተደረጉ የየትኛውም ኪት ጥራት ልኬቱን አያድነውም።

አነቃቂዎችን በተመለከተ ለቡድን አንድ ዲኤችፒጂ፣ ለቡድን ሁለት ኤልዋይ379268፣ ለቡድን ሦስት ኤል-ኤፒ4 ቢያዙ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። ዲሲጂ-4 ለቡድን ሁለት ጥሩ ቢሆንም መጠኑ ሲጨምር የቡድን ሦስት ተቀባዮችን ያግዳል። ኤልዋይ341495 በናኖሞላር ደረጃ ቡድን ሁለትን ለይቶ ያግዳል፤ በከፍተኛ መጠን ግን ሁሉንም ስለሚያግድ መጠኑ በጽሑፉ ሳይጠቀስ ስሙ ብቻ ምንም አይነግርም። ኤምግሉ 5ን ለማገድ ኤምቴፕ ከቀድሞው ኤምፔፕ የተሻለ መራጭነት አለው።

ሁለት ተቀባዮች ከአጠቃላዩ ምክር ይወጣሉ። ኤምግሉ 6 የሚገኘው በዋናነት በዓይን ሬቲና በኦን ባይፖላር ሕዋሳት ላይ ሲሆን፣ በጂኦ በኩል ቲአርፒኤም1 የተባለውን መተላለፊያ ይዘጋል፤ በጨለማ ከብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት የሚለቀቀው ግሉታሜት መተላለፊያውን ዘግቶ ያቆየዋል፣ ብርሃን ሲመጣ ግሉታሜቱ ቀንሶ ይከፈታል። በዚህ ጂን ላይ የሚደርስ ጉድለት ከውልደት ጀምሮ የዳፍንት ችግር ያመጣል። ለእርሱ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ከሞላ ጎደል ጥያቄውን የሚስት ልኬት ነው፤ የሬቲና ሕዋስ የኤሌክትሪክ ልኬት ይመረጥ። ኤምግሉ 7 ደግሞ ለግሉታሜት ያለው ስሜት እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ የሚነቃው በመቶዎች ማይክሮሞላርና ከዚያ በላይ ነው። ኤል-ኤፒ4ም ኤምግሉ 4ን፣ 6ን እና 8ን በአንድ ማይክሮሞላር አካባቢ ሲያነቃ ለኤምግሉ 7 ከመቶ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በዝቅተኛ ኤል-ኤፒ4 ተፈትኖ ምላሽ ያልታየበት ሲናፕስ ኤምግሉ 7 የለውም ሊባል አይችልም፤ ከፍተኛው መጠን በተናጠል መሞከር አለበት።